ጥርሱን ማን ይሠራዋል? ከአንኮበር የውኃ ወፍጮ እስከ ጠረጴዛ ላይ ሌዘር

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የአንድ ማሽን ጥርስ ቢሰበር ማን ይሠራዋል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ግን አንድ ማሽን በአንድ አገር መቆየት አለመቆየቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይኸው ነው። ማን አመጣው፣ ማን ገዛው፣ ማን መረቀው የሚለው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ጥርስ ስል የጊርን ጥርስ ማለቴ ነው። ጊር ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ፣ ከሌላ ጥርሳም ጎማ ጋር ተናክሶ የሚዞር ጎማ ነው። በግድግዳ ሰዓት ውስጥ አለ፣ በመኪና ካምቢዮ ውስጥ አለ፣ በአሻንጉሊት መኪና ሆድ ውስጥም አለ። እስቲ ዛሬ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ተነሥተን የዚህን ጥርስ ታሪክ እንከተል። መጨረሻ ላይ በቤት ጠረጴዛ ላይ በሌዘር ሁለት ጊር እንቆርጣለን። የጥርሶቹን ቁጥር ግን እኔ አልመርጠውም፤ የመንዝ ካህናት ከብዙ ዘመን በፊት መርጠውልናል። እንዴት? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

የማይዞር ወፍጮ

መንዝ፣ ግሼና የመርሐቤቴ ከፍተኛ ቦታዎች የገብስ አገር ናቸው። ብዙው የመንዝ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ብርዱን የሚችለው ገብስ ነው። ገብሱ በሶም ሆነ እንጀራ ከመሆኑ በፊት መፈጨት አለበት። ይህን ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት የተሸከመችው ሴት ናት። ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደፊትና ወደኋላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መጅ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል እንጂ አይዞርም። የማይዞር ነገር ደግሞ ጊር አይፈልግም። ታሪካችን የሚጀምረው የሚዞር ወፍጮ ሲመጣ ነው።

የሸዋ ነገሥታት መነሻ መንዝ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነጋሲ ክርስቶስ ከዚያ ተነሡ፤ ዘሮቻቸው ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እያሰፉ ሄዱና አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከእነርሱ አንዱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ገዝተዋል። የእጅ ሙያ የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ወደ እርሳቸው የመጣው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ራሱ መሐንዲስ መኮንን ነበር።

በዚያ ዘመን ሸዋን ያዩ አውሮፓውያን አንድ ነገር ጽፈው አልፈዋል። ዲሜትሪ የተባለ የውጭ ባለሙያ ለንጉሡ በአንኮበር አቅራቢያ የውኃ ወፍጮ ሠራ። ወፍጮው ዞረ፣ ፈጨ። በቤተ መንግሥቱ ብዙ ሴቶች፣ ብዙዎቹም በባርነት የተያዙ፣ ቀን ከሌት የሚፈጩት እህል በውኃ ጉልበት ሲደቅ አስቡት። ከዚያስ? ካህናቱ «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ ይላል ወሬው። ወፍጮው ቆመ፤ ቀስ በቀስም ፈረሰ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። «አየህ፣ አጉል እምነት ሥልጣኔን ገደለው» ይልና ያልፋል። እኔ ግን እንደ መሐንዲስ ይህ መልስ አይበቃኝም። አንደኛ፣ ወሬውን የጻፉት እንግዶች ናቸው፤ ካህናቱ በራሳቸው አፍ ምን እንዳሉ የምንሰማው በእንግዳ ጆሮ በኩል ነው። ሁለተኛ፣ እነዚያ ካህናት ስለ ጊር ከምናስበው በላይ ያውቁ ነበር።

ካህናቱ በራሳቸው ውስጥ የያዙት ጊር

ባሕረ ሐሳብን ታውቃላችሁ አይደል? ጾሞችና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ማስያ ነው። ባለሙያው ያለ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ በጣቱ እየቆጠረ ያሰላዋል። በዚህ ስሌት ውስጥ የተለያዩ ዙሮች አሉ። ሁለቱን እንውሰድ። አንደኛው የ19 ዓመት ዙር ነው፤ ጨረቃና ፀሐይ ወደ ቀድሞ አቀማመጣቸው የሚመለሱበት፣ ዐውደ አበቅቴ የሚባለው። ሁለተኛው የ28 ዓመት ዙር ነው፤ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። ሰባቱ ዕለታትና አራቱ የወንጌላውያን ዓመታት ተባዝተው የሚሰጡት ነው።

ሁለቱ ዙሮች አንድ ላይ ጀምረው እንደገና አንድ ላይ የሚገጥሙት መቼ ነው? 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ 19 በ28 ሲባዛ 532። ዐውደ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ዙር ይህ ነው።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ሁለት ጎማ አስቡ፤ አንዱ 19 ጥርስ፣ ሌላው 28 ጥርስ ያለው። በየጎማው አንድ ጥርስ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡና ሁለቱን ቀዮች አገናኙ። ማዞር ጀምሩ። ቀዮቹ እንደገና የሚገናኙት ስንት ጥርስ ካለፈ በኋላ ነው? 532! ትንሹ ጎማ 28 ጊዜ፣ ትልቁ 19 ጊዜ ዞሮ። አንዱን ጥርስ አንድ ዓመት ብላችሁ ከያዛችሁት ዐውደ ቀመር በእጃችሁ ላይ ዞረ ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ግሪኮች ከ2000 ዓመት በፊት በነሐስ ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1901 ከአንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ ከባሕር ሥር ከወጣ የመርከብ ስባሪ ውስጥ የተገኘው መሣሪያ ቢያንስ 30 ጊሮች ተርፈውታል። ከሚያሳያቸው ዙሮች አንዱ ያው የ19 ዓመቱ ዙር ነው። በመንዝ ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ በጣት የሚቆጠረውና በባሕር ሥር በነሐስ የተገኘው አንድ ዓይነት ሒሳብ ነው።

እንግዲህ የጎደለው ሒሳቡ አልነበረም። ታዲያ ምን ነበር?

የሚቀየር ጥርስ

የውኃ ወፍጮ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የውኃው ጎማ ጋደም ብሎ ይዞራል፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወጥቶ የላይኛውን ድንጋይ ራሱ ያዞረዋል። ጊር የለውም። በሁለተኛው ጎማው ቀጥ ብሎ እንደ ጋሪ ጎማ ይቆማል፤ ድንጋዩ ግን ተጋድሞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የጎማውን ዙር ወደ ድንጋዩ የሚያዞር ጥርስ ያስፈልጋል። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከ2000 ዓመት በፊት የገለጸው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

የጊሩ ጥቅም አቅጣጫ መቀየር ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ትልቁ ጎማ በደቂቃ 12 ጊዜ ይዞራል እንበል። ትልቁ ጊር 80 ጥርስ፣ ትንሹ 10 ጥርስ ካለው ድንጋዩ በደቂቃ 96 ጊዜ ይዞራል። ቀርፋፋው ውኃ ፈጣን ድንጋይ ሆነ። በቃ፣ የጊር ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ የጥርሶቹ ቁጥር ጥምርታ የፍጥነቱ ጥምርታ ነው።

አሁን የአውሮፓ ወፍጮ ሠሪዎች ምን ያደርጉ እንደነበር ተመልከቱ። ጥርሶቹን ከጎማው ጋር አንድ አካል አድርገው አልሠሯቸውም። ጎማው ላይ ቀዳዳ እየበሱ፣ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ጥርስ አንድ በአንድ ይሰኩበት ነበር። አንድ ጥርስ ሲሰበር ወፍጮው አይጣልም። ባለ ወፍጮው የተሰበረውን መትቶ ያወጣና ጠርቦ ያስቀመጠውን መለዋወጫ ይሰካል። ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ይፈጫል።

ሌላም ብልሃት ነበራቸው። ትልቁ 80፣ ትንሹ 10 ከሆነ አንድ ጥርስ ሁልጊዜ የሚናከሰው ከነዚያው ጥርሶች ጋር ነው፤ አንዱ ጥርስ ጠማማ ከሆነ ጓደኞቹን ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ 80ውን 81 ያደርጉታል። ያኔ እያንዳንዱ ጥርስ ከሁሉም ጋር በየተራ ይናከሳል፤ ማለቁም ለሁሉም እኩል ይካፈላል። የካህናቱ 19 እና 28 ለምን ጥሩ ቁጥሮች እንደሆኑ አሁን ገባችሁ?

ይህንን ከእኛው አገር ሞፈር ጋር አስተያዩት። ማረሻችን ለምን ይህን ያህል ዘመን ቆየ? የመንዝ ገበሬ ሞፈሩ ቢሰበር ከማንም አይለምንም። እንጨት መርጦ፣ በመጥረቢያና በጥርብ አስተካክሎ ራሱ ይሠራዋል። ብረቱ ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል። እያንዳንዱ ክፍል ሠሪ አለው፤ ሠሪውም ጎረቤት ነው። የአንኮበሩን ወፍጮ ያቆመው ሰው ግን አንድ ብቻ፣ እሱም እንግዳ ነበር። ንጉሡ ቢፈቅዱ፣ ካህናቱ ቢባርኩ እንኳ፣ ሠሪው አገሩ ሲገባ የተሰበረውን የሚተካ እጅ ካልቀረ ወፍጮው ከጥቂት ክረምት በላይ አይቆይም ነበር።

እጁ የነበረው ሰው

ግን እጅ አልነበረም ማለት አይቻልም። በሰሜን ሸዋ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሸምኑ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ችግሩ ማኅበረሰቡ እንዴት ያያቸው ነበር የሚለው ነው። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ መሬት የማያገኝም፣ በጋብቻ የሚገለልም ነበር። ማረሻውን ከእጁ ይቀበላሉ፤ እጁን ግን ይፈሩታል። በወፍጮው ላይ «ሰይጣን» ያለው አፍና በቀጥቃጩ ላይ «ቡዳ» ያለው አፍ አንድ መሆኑን አስተውሉ። ማሽኑም ሠሪውም በአንድ ፍርሃት ተመቱ።

ይህንን የተረዱት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት በዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊዝ መሐንዲስ ወደ አንኮበር ሲመጣ ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው ጠየቁት ተብሎ ይተረካል። ጥያቄያቸውን አስተውሉት፦ «ምን ይዘህ መጣህ?» ሳይሆን «ምን መሥራት ትችላለህ?» ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ ግን ጥርስ ሠሪ ከሌለ ማሽን እንደማይኖር የገባቸው መሪ ያወጡት አዋጅ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታሪክ ከቋንቋችን ማንበብ ይቻላል። ጋራዥ ግቡና አድምጡ፦ ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ሞርሳ፣ ካምቢዮ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ። አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የጣልያኖቹ ወርክሾፖች ዘመናቸው አልፎ እነርሱም ሄዱ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ፤ ቃላቱን የቀሩት ደግሞ እጆች ተምረዋቸው ስለነበር ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ቶርኖ ቤቶች ውስጥ የተሰበረ ጊር አምጥታችሁ ብታሳዩ አምሳያውን በፍሬዛ የሚቆርጥ ባለሙያ ታገኛላችሁ። መሐል ሜዳ ላይ ያለ የናፍጣ ወፍጮ ግን ክፍሉ ሲሰበር ክፍሉ ወይ ባለቤቱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። እስከዚያ እህሉ ይጠብቃል፤ ወይም አንዲት እናት ወደ መጁ ትመለሳለች።

ጥርስ በብርሃን

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንምጣ። ዛሬ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ በሰማያዊ የሌዘር ብርሃን እንጨት የሚቀርጽና የሚቆርጥ ማሽን አለ። ጨረሩ በሌንስ ተሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ እንጨቱ ይተናል። የብርሃን ኃይሉ 10 ዋት የሆነ ሌዘር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ኮምፔርሳቶ ከአንድ ወይም ከጥቂት ምልልስ በኋላ ይቆርጠዋል። ሞረድና ትዕግሥት ይፈጅ የነበረው የጥርስ ቅርጽ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል።

ሥራው ግን የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው የጥርስ ብዛት ነው፤ የእኛ 19 እና 28። ሁለተኛው ሞጁል ነው፤ የጥርሱ መጠን ማለት ነው። 3 ሚሊ ሜትር እንውሰድ። ሁለት ጊሮች እንዲናከሱ ሞጁላቸው አንድ መሆን አለበት። ሦስተኛው የግፊት ማዕዘን ነው፤ የተለመደው 20 ዲግሪ ነው።

ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው። ሞጁል በጥርስ ብዛት ሲባዛ ጥርሶቹ የሚገናኙበትን ክብ ስፋት ይሰጣል፦ ለትንሹ 57፣ ለትልቁ 84 ሚሊ ሜትር። የሁለቱ ማዕከሎች ርቀት የድምራቸው ግማሽ ነው፤ 70.5 ሚሊ ሜትር። ምስማሮቹን የምትተክሉት በዚህ ርቀት ላይ ነው። በ20 ዲግሪ ማዕዘን ከ17 ጥርስ በታች የሆነ ጊር የጥርሱ ሥር ይበላል፤ 19 ግን ከዚያ በላይ ስለሆነ ደህና ነው። ቅርጹን ራሱን በነፃ የሚገኘው ኢንክስኬፕ የተባለ ፕሮግራም ይስልላችኋል።

አሁን ብዙ ጀማሪ የሚስተው ነገር። ጨረሩ ራሱ ውፍረት አለው፤ በሄደበት ሁሉ ትንሽ እንጨት ይበላል። ስንት እንደሚበላ ለማወቅ 20 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው አራት ማዕዘን ቁረጡና በካሊፐር ለኩት። 19.85 ከሆነ ጨረሩ 0.15 ሚሊ ሜትር በልቷል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ጥርስ በ0.15 ይቀጥናል፤ ሁለት ጊሮች ሲገናኙ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈጠራል፤ ጊሩ ይንገጫገጫል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ መስመሩን የግማሹን ያህል፣ ማለትም 0.075 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ ግፉት። ጥርሱ ላይ ትንሽ የንብ ሰም ብታሹበት ደግሞ ለስላሳ ሆኖ ይዞራል።

ጥንቃቄውን እንዳትዘሉት። የሌዘሩ ብርሃን፣ ነጸብራቁም ጭምር፣ ዓይን ያጠፋል፤ ለዚያው ሌዘር የተሠራ መነጽር ግዴታ ነው። ጭሱ በመስኮት ወይም በማራገቢያ ይውጣ። ማሽኑ እየሠራ ትታችሁት አትውጡ፤ እንጨት ነውና ይቀጣጠላል። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ፈጽሞ አትቁረጡ፤ ሲቃጠል ሳንባንም ማሽኑንም የሚበላ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክም በሰማያዊ ሌዘር አይቆረጥም፤ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል።

ጊሮቹን ስትገጥሙ ቀይ ጥርሶቹን አገናኙና አዙሩ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። አንድ ጥርስ አንድ ዓመት ከሆነ ቀዮቹ ከመጀመሪያው ወዲህ 14 ጊዜ ተገናኝተዋል፤ የመጨረሻው በ1948 ዓ.ም. ነበር። የምንኖረው በ15ኛው ዙር ውስጥ ነው።

«ይህ የኮምፔርሳቶ ጊር ወፍጮ ያዞራል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አያዞርም። ግን ሌላ መንገድ አለ። አገራችን ውስጥ አሮጌ አልሙኒየም አቅልጠው ድስት የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ። እንጨቱን ጊር በአሸዋ ውስጥ አትመው ቢያነሡት ቅርጹ ይቀራል፤ አልሙኒየም ሊፈስበት ይችላል። አልሙኒየም ሲቀዘቅዝ ከ1 በመቶ ትንሽ በሚበልጥ መጠን ስለሚኮማተር ሥዕሉን በዚያው ልክ ታሳድጉታላችሁ። ከዚያ ሞረድና የባለሙያ እጅ ይጨርሰዋል። ወፍጮ ባይሆንም ለቀላል የእጅ ማሽን የሚሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አንሸፋፍን። ሌዘሩ ራሱ ከውጭ የመጣ ማሽን ነው። ሌንሱ ሲጠቁር የሚያጸዳው፣ ቺንጋው ሲላላ የሚያጠብቀው፣ ቦርዱ ሲቃጠል የሚፈትሸው ሰው ከሌለ እሱም የዲሜትሪ ወፍጮ ነው የሚሆነው፤ ለጥቂት ጊዜ ያስደንቅና ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ማሽኑን ያገኘ ሰው ከጊሩ በፊት ማሽኑን መፍታትና መግጠም ይማር።

ሌዘሩ ከመቁረጥ ሌላ መጻፍም ይችላል። በምትቆርጡት እያንዳንዱ ጊር ፊት ላይ ይህንን ቅረጹበት፦ «19 ጥርስ፣ ሞጁል 3፣ 20 ዲግሪ»። ጊሩ ከዓመታት በኋላ አንድ ቦታ ተሰብሮ ሲገኝ፣ የሚያነሣው ልጅ እናንተን አያውቃችሁም። ግን ጥርሱን መልሶ መሥራት ይችላል።